የአባባ የይለፍ ወረቀት

ማርች 12 ቀን 2008

ለእትዬ ላማራ፣

እግርሽ እንዴት ሆነ? እማ «ከሁሉ በፊት እሱን ጠይቅልኝ» ብላኛለችና ጠይቄያለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነውን ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

«መቼ ልምጣ?» ላልሽው መልሴ «ቆዪ» ነው። እንዳትቆጪ፣ እስክጨርስ ስሚኝ። አባባ እናንተ ጋ፣ በጆርጂያ በኩል፣ ዙግዲዲ ሆስፒታል ውስጥ ካረፈ ወር አለፈው። አስከሬኑን በጋሪ አድርገን በእንጉሪ ድልድይ አሻግረን እዚህ ከቤታችን ጀርባ ቀበርነው፤ አንቺም ሦስት ቀን አልቅሰሽ ተመለስሽ። እማ ግን የመጣው ሥጋው ብቻ ነው፣ ነፍሱ እዚያው አልጋው ላይ ቀርታለች ትላለች። እውነቷን ነው፤ ከቤቱ ርቆ የሞተ ሰው መንገዱን አያውቅም። ዓይኑን የከደነለት ሰው ክራር መሰሏን ቾንጉሪ እየደረደረ፣ ስሙን እየጠራ፣ እስከ ደጁ ካልመራው አይመጣም። ዓይኑን የከደንሽለት አንቺ ነሽ። ስለዚህ እኔ ተሻግሬ ልምራው ብል ዋጋ የለውም። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ አንቺው መምጣት አለብሽ። እማ ከቀብሩ ወዲህ አልጋዋ ላይ አልተኛችም። «ባሌ ደጅ ቆሞ እኔ እንዴት እተኛለሁ?» ብላ ወንበር ላይ ነው የምታነጋው።

ታዲያ ለምን ቆዪ እላለሁ? ባለፈው ሳምንት ሞስኮ በዚህ በአብካዞች ምድር ላይ የጣለችውን ማዕቀብ አንስቻለሁ ብላለች። በሬዲዮ፣ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። በሰሜን በኩል ከሩሲያ የሚለየንን ወንዝ ዘግተውብን፣ ወንድ ልጅ ሁሉ እንዳያልፍ ከልክለው፣ ሴቶቻችን መንደሪን በእጅ ጋሪ እየገፉ ሲሻገሩ የነበረው ዘመን ሁሉ አለፈ አሉ። ንግዱ ነጻ፣ መንገዱ ነጻ። ዳውርን ታስታውሺዋለሽ፤ ቮልጋ ወንዝ የት ባሕር እንደሚገባ ሦስት ዓመት ጠይቄው ያልመለሰልኝ አብካዛዊው ተማሪዬ። አሁን ወረዳ አስተዳደሩ ውስጥ ጠረጴዛ አግኝቷል። እሱ እንዳለኝ ከሆነ ሙቀቱ ሲመጣ የናንተም ድልድይ ወለል ብሎ ይከፈታል። ያኔ ለወታደር እጅ መንሻ ሳትሰጪ፣ ሳትሸማቀቂ፣ ቾንጉሪሽን በአደባባይ እየመታሽ ትመጫለሽ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

እማ «የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል» ብላ ሬዲዮውን ዘጋችብኝ። እኔ ግን ትንሽ ልሻለሁ፤ ምን ላድርግ።

ደብዳቤውን መድኃኒትና ሲጋራ የምታመላልሰው ዶዶ ታደርስልሻለች። በስልክ አትጠይቂኝ፤ ስልኩን ማን ማን እንደሚሰማው አይታወቅም። የዶዶን ጉያ ደፍሮ የሚፈትሽ ወታደር ግን ገና አልተወለደም።

ወንድምሽ ሙርታዝ


ማርች 21 ቀን 2008

ሙርታዝዬ፣

የአባባ አርባ ዛሬ ነው። ጧፍ አብርቻለሁ። እግሬን ለጠየቅኸኝ፣ እግሬ እንደ መንግሥቶቻችን ነው፤ ጠዋት ያለውን ከሰዓት አይደግመውም።

አልጋው ላይ ማን እንዳለ ጠይቀሃል። ቁጥር ስድስት፣ መስኮቱ ሥር። አሁን ሐሞት ጠጠር የያዘው አንድ ወፍራም ሹፌር ተኝቶበታል። ማክሰኞ ማክሰኞ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ቀን፣

«እሜቴ፣ እኔን ለመጠየቅ ነው ወይስ አልጋውን?» አለኝ።

«አልጋውን ነው፤ አንተ ተኛ» አልኩት።

ደነገጠ። ነገሩን ስነግረው ግን የኛው አገር ሰው ነውና ገባው። ከዚያ ወዲህ ስመጣ እግሩን ሰብሰብ ያደርጋል፤ ለአባባ ቦታ ለመልቀቅ ነው መሰለኝ። ደግ ሰው ነው፣ ቶሎ ቢወጣልኝ ግን ደስ ይለኛል።

ቆዪ ላልከኝ እሺ ብያለሁ። ያንተን ሬዲዮ አምኜ ግን አይደለም። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። እኔ እጅ መንሻ ከፍዬ የማልፍበትን ድልድይ አውቀዋለሁ፤ በነጻ የሚከፈተውን አላውቀውም። አሥራ አምስት ዓመት በዚህ የድሮ መዋለ ሕፃናት ውስጥ፣ የልጆች አበባ በተሳለበት ግድግዳ መሃል የኖርኩት «ትንሽ ቆዩ፣ ትመለሳላችሁ» ተብዬ ነው። ከዚያ ከጆርጂያና ከአብካዞች ጦርነት የሸሸነው ሁሉ ቆይተናል። መቆየት የሚያስተምረኝ አያስፈልገኝም።

አባባ መጨረሻ ላይ ምን አለ ብለህ ስትጠይቀኝ ይሄ ሦስተኛህ ነው። ደክሞት ነበር። ሌላ ቀን እጽፍልሃለሁ።

እማን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ። የላከችልኝ ድልህ ደርሷል፤ ዶዶ ሩቡን በልታዋለች።

ላማራ


ኤፕሪል 27 ቀን 2008

እትዬ፣

«እንግዲህ ይሄ ምን ማለት ነው?» ብለሽ ጽፈሻል። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ እንጂ ነቢይ አይደለሁም። ሞስኮ መሥሪያ ቤቶቿ ሁሉ እዚህ ካሉት መሥሪያ ቤቶች ጋር በቀጥታ እንዲሠሩ አዛለች። ይሄን ያህል ሬዲዮው ነግሮኛል። የቀረውን ልጠይቅ ብዬ ዳውር ጋ ሄድኩ።

«ታዲያ አገር ሆንን ማለት ነው?» አልኩት።

«ገና አልሆንንም።»

«የጆርጂያ ነን?»

«እሱንማ በጭራሽ አይደለንም።»

«የሩሲያስ?»

«መምህር፣ ቅጹ ላይ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የለም» አለኝ። ቮልጋን ስጠይቀውም ፊቱ እንደዚሁ ነበር።

መሳቢያዬን ከፍቼ ወረቀቶቼን ዘረጋኋቸው። የሶቭየቱ ፓስፖርቴ አለ። እናንተ ጋ አባባን ሳሳክም ያወጣሁት መታወቂያ አለ፤ ይሄን እዚህ ማሳየት አደጋ ነው። የወረዳው ወረቀት አለ፤ ያን ደግሞ እናንተ ጋ ማሳየት አደጋ ነው። ጎረቤቴ የሩሲያ ፓስፖርት አወጣና «አንተም አውጣ፣ ጡረታ አለው» ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ «እንዳትነካው፣ ነገ ይለወጣል» ይለኛል። ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው፤ እርግጠኛ ያልሆንኩ እኔ ብቻ ነኝ። አባባ የሶቭየቱን ብቻ ይዞ የሞተው ብልጥ ስለነበረ ነው። «የሞተ አገር ወረቀት ይበቃኛል፣ ማንም አይለውጥብኝም» ይል አልነበር?

ሰሞኑን ብዙ የሩሲያ ወታደር መጥቷል። ሰላም ለማስከበር ነው ይላሉ። የመጣውን መድፍ ሳየው ብዙ ሰላም ሊመጣ ነው መሰለኝ።

እማ ቀን ቆርጣለች፤ ለማርያም በዓል፣ ኦገስት 28። ያለችውን ቃል በቃል ጻፍ ብላኝ ይኸው፦ «ከአልጋው ጀምረሽ እስከ ደጃችን የቾንጉሪው ድምፅ እንዳይቋረጥ። በእግርሽ ነይ፤ አባትሽ መኪና ያዞረው ነበር። ወደ ኋላ እንዳትዞሪ። በየበሩና በየድልድዩ ስሙን ጥሪና አሁን እንሻገራለን በይው። ስንት ናችሁ ብሎ የሚጠይቅሽ ቢመጣ፣ ንጉሥም ቢሆን፣ ሁለት ነን በይ። አንድ ነኝ ካልሽ አልተቆጠርኩም ብሎ ይመለሳል።»

ጣቶችሽን አለማምጃቸው። ሰባት ኪሎ ሜትር ነው።

ሙርታዝ


ኦገስት 31 ቀን 2008

ሙርታዝ፣

በሕይወት አላችሁ? ዶዶ አሉ ብላኛለች፤ እሷ ግን ለሁሉም ሰው አሉ ነው የምትለው። በራስህ እጅ ጻፍልኝ። እማ የጣቷን አሻራ ታድርግበት።

እኔ አለሁ። ብዙውን ቀን ከጎረቤቶቼ ጋር ምድር ቤት ነበርኩ። የሩሲያ ታንኮች ከናንተ ወደኛ በድልድዩ ተሻገሩ። ስንት ናችሁ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።

በዚህ ቴሌቪዥን ተሸነፍን፣ በዚያ ቴሌቪዥን ነጻ ወጣችሁ ይላል። ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ሞስኮ እናንተን አገር ብላ እውቅና ሰጠች ተባለ። በማርች ማዕቀብ ማንሳት ነበር፣ በኤፕሪል መጻጻፍ ነበር፣ አሁን አገር። ወንድሜ፣ አንተ አሁን የት ነው ያለኸው? እግርህን ሳታነሳ እንዴት ከኔ ይሄን ያህል ራቅክ?

ለማርያም ዕለት ድልድዩ ጋ ሄድኩ። አባባን ከአልጋው አላስነሳሁትም፣ መንገዱን ልይ ብዬ ነው። ያ ሁልጊዜ ሲጋራ የምሰጠው ጢማም ሩሲያዊ አስር አለቃ ኬላው ላይ ቆሟል። አየኝና አንገቱን ደፋ።

«ዝግ ነው እናት።»

«እስከ መቼ?»

«ትእዛዝ እስኪመጣ።»

«አንተስ አታውቀኝም?»

«አውቅሻለሁ። ግን እስከ ትናንት ሰላም አስከባሪ ነበርኩ፤ ዛሬ ምን እንደሆንኩ ገና አልነገሩኝም» አለኝ።

ሲጋራውን እንኳ አልተቀበለኝም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብለኸኝ ነበር። የዘገየስ ምን ይሆናል? እሱንም ጻፍልኝ።

ላማራ


ሴፕቴምበር 24 ቀን 2008

እትዬ፣

የታች ጥግ ላይ ያለው ጥቁር ክብ የእማ አውራ ጣት ነው። በምድጃ ጥላሸት ነው ያተምነው፤ እጇን ስታጥብ ስትረግምሽ ነበር።

«የዘገየስ?» ላልሽኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በማርች ብትመጪ ኖሮ ሁለት ፓኬት ሲጋራ ይበቃ ነበር፤ አባባም ይሄኔ ቤቱ ነበር። እኔ ሬዲዮ አምኜ አስቀረሁሽ። ይቅር በይኝ አልልም፣ ገና አላለቀምና፤ ሲያልቅ እልሻለሁ።

አገር የሆንን ዕለት ቀኑን ሙሉ ወደ ሰማይ ተተኮሰ። እማ ጦርነቱ ተመለሰ ብላ ጠረጴዛ ሥር ገባች። «የደስታ ነው እማ፣ ውጪ» ስላት፣ «ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብላ እዚያው ተቀመጠች።

ነገሩን ሳስበው አንድ በር ብቻ ያለ ይመስለኛል። በሰሜኑ ወንዝ ሲዘጋ በናንተ በኩል ክፍት ነበር፤ አሁን በሰሜን ወለል ብሎ ተከፍቶ በናንተ በኩል ተዘጋ። ያችኑ አንድ መዝጊያ ነው እያፈራረቁ የሚገጥሟት። ደስ ያላቸው ሰዎች አሉ፤ አልፈርድባቸውም፤ እነሱም እንደኛ ቀብረዋል። ዳውር ራሱ ወንድሙን የቀበረው በዚያ በመጀመሪያው ጦርነት ነው። ማንን እንደምቆጣ ሳስብ ሁልጊዜ አንድ የማውቀው ፊት ይመጣብኝና እተወዋለሁ።

ትምህርት ቤት ልጆቹ «መምህር፣ ጎረቤት አገሮቻችን እነማን ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ካርታውን ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። ከዚያ ኳስ ተጫወቱ ብዬ አስወጣኋቸው።

ሌላም ነገር ነበር፣ እሱን ለጊዜው ሆዴ ይያዘው።

ሙርታዝ


ዲሴምበር 14 ቀን 2008

ሙርታዝዬ፣

ሆድህ ምን እንደያዘ አልጠይቅህም፤ የኔም ሆድ ይዟልና። ዛሬ ግን የኔን አወጣዋለሁ።

አባባ መጨረሻ ላይ ምን አለ ለምትለው። ከምሳ በኋላ ነበር፣ ፀሐይዋ አልጋው ላይ ወድቃ። ዓይኑን ገለጠና፣

«ላማራ፣ ቤት ደረስን?» አለኝ።

«ደርሰናል አባባ» አልኩት።

«ታዲያ ይሄ መስኮት ምንድን ነው?»

«አዲስ ያስገባነው ነው።»

«እናትሽ እሺ አለች?»

«እሺ ብላለች።»

ፈገግ አለ። በዚያው ቀረ።

አሁን ገባህ? ዋሸሁት። ቤቴ ገብቻለሁ ብሎ ነው የሞተው። መንገድ የጠፋው ሰው መሪ ይጠብቃል፤ አባባ ግን ማንንም አይጠብቅም። እዚያ አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ እማ ለምን እንደማትመጣ፣ ይሄ ሁሉ በሽተኛ ከቤቱ ለምን እንደማይወጣ ግራ እየገባው ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ የምሄደው ለዚህ ነው፤ እንግዳ ብቻ እንዳይሆንበት።

ሞስኮ ያጠፋችውን ታጥፋ። ይሄኛው የኔ ነው። ሙት ዓመቱ ሁለት ወር ቀረው፤ እንደምንም ካላመጣሁት እማን ቀና ብዬ አላያትም። አንድ ነገር አድርግ። ዳውርን እግሩ ሥር ወድቀህም ቢሆን ለምነው።

ላማራ


ጃንዋሪ 18 ቀን 2009

እትዬ፣

መጀመሪያ ማልቀሱን ተዪው። ደብዳቤሽን ለእማ አነበብኩላት። ትቆጣለች ብዬ ስፈራ፣ «መስኮት! አርባ ዓመት አስገባልኝ ስለው እንቢ ያለኝን መስኮት!» ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ቀጥሎ የኔን ልናዘዝ። ፈርሜያለሁ። አዲሱን የዚህን ፓስፖርት ለማግኘት የናንተ አገር ዜጋ አይደለሁም የሚል ወረቀት ላይ መፈረም ያስፈልጋል። ካልፈረምኩ ደግሞ ቤቱ በስሜ አይሆንም። ቤቱ ከተወሰደ አባባን የምትመሪው ወዴት ደጅ ነው? እንዲህ እያልኩ ፈረምኩ። ስለዚህ በወረቀት ደረጃ ወንድምሽ የውጭ አገር ሰው ነው። እማ ግን «ጣቴን ለእህትህ ደብዳቤ እንጂ ለነሱ አላትምም» ብላ አሻፈረኝ ብላለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኬላው ለአንዳንድ ሰው በስም ዝርዝር መከፈት ጀምሯል። ዳውር ቅጽ ሰጠኝ። «የሚገቡ ሰዎች ብዛት» ይላል። እስክሪብቶዬን አንስቼ አንድ ልጽፍ ስል እጄ እንቢ አለኝ። የእማ ቃል ትዝ አለኛ። መንገዱ የሚጀምረው ከዚህ ወረቀት አይደል? እዚህ ላይ ካልቆጠርኩት የት ልቆጥረው ነው? ሁለት ብዬ ጻፍኩ። አንደኛ ላማራ፣ ሁለተኛ አባባ፣ ቢቺኮ ዛራንዲያ፣ የያሶን ልጅ፣ በ1926 የተወለደ። ሞኝ ነህ በይኝ፣ ግድ የለም።

ዳውር አነበበው። አባባ ቀብር ላይ አፈር ካለበሱት አንዱ እሱ ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣

«መምህር፣ እኛም ዘንድ ሁለት ነው የሚባለው። አያቴን ከባሕሩ ዳር ስናመጣቸው ሁለት ብለናል» አለኝ።

ማኅተሙን መታበትና ወደ ላይ አስተላለፈው። ላይ ያሉት እነማን እንደሆኑ እሱም በደንብ አያውቅም፤ አንዳንዶቹ ከሞስኮ የመጡ ናቸው።

ትናንት መልሱ መጣ። እንዳትስቂ። እንዳታለቅሺም። እንዲህ ይላል፦

«ዛራንዲያ ቢቺኮ። ትውልድ በወረዳው፤ ነዋሪነት ያልተቋረጠ። እንዲገባ ተፈቅዷል። ዛራንዲያ ላማራ። ነዋሪነት የተቋረጠ። አልተፈቀደም።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እማ «ምን አለ?» ስትለኝ ነገርኳት። «ለሱ ፈቀዱለት?» አለች። «አዎ» አልኩ። «ታዲያ ምን ታለቃቅሳለህ? ይምጣ!» አለችኝ።

ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ፌብሩዋሪ 10 ከሰዓት በፊት በዚህኛው የድልድይ ጫፍ እኔና እማ እንቆማለን። ከኬላው ወዲህ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ አምናለሁ።

ሙርታዝ


ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2009

ሙርታዝዬ፣

ወታደሩን ምን እንዳልኩት ጠይቀኸኛል። ዶዶ የነገረችህን ግማሹን ተወው፣ በጥፊ አልመታሁትም።

አልጋው ላይ አዲስ በሽተኛ ነበር፤ ቾንጉሪውን ሲያይ ራሱ ተነስቶ ቆመ። አጎንብሼ «አባባ፣ ዋሽቼህ ነበር፤ ይሄ ቤታችን አይደለም። ቤታችን ገና ነው፣ ና እንሂድ» አልኩት። ይሄን ለማለት አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ ክሩን ነካሁና ወጣን። በገበያው መሃል ስናልፍ ሰው ቆሞ መንገድ ለቀቀልን። እግሬን አትጠይቀኝ።

ኬላው ላይ ያ ጢማም አስር አለቃ ነው ያለው። ቾንጉሪውን ሳላቆም ወረቀቱን በአፌ ይዤ ሰጠሁት።

«ስንት ናችሁ?» አለኝ።

«ሁለት ነን።»

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «አንቺ አልተፈቀደልሽም። እኚህኛው ናቸው የተፈቀደላቸው። የት አሉ?»

«ከኋላዬ ነው።»

ከኋላዬ ያለውን ባዶ መንገድ ብዙ አየ። «ዙሪና አሳዪኝ።»

«መዞር አይፈቀድልኝም። እኔም ሕግ አለኝ» አልኩት።

ሙርታዝ፣ የሚያባርረኝ መስሎኝ ነበር። ቆቡን አወለቀና እንደገና ወረቀቱን አነበበ። «ማኅተሙ ትክክል ነው» አለ፣ ለራሱ። መዝገቡ ላይ ስሙን ጻፈ። ከዚያ ሄዶ የኬላውን ግንድ ወደ ላይ አነሳው። አንድ ሽማግሌ የሚያልፍበትን ያህል ጠበቀና መልሶ አወረደው። እኔ ከወዲህ ቀረሁ።

«አባባ፣ አሁን ድልድዩን ትሻገራለህ። ሙርታዝና እማ ማዶ አሉ። በቀጥታ ሂድ» አልኩት። እንዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ በየመብራቱ ሥር እየቆመ ያርፋል። ያን ድልድይ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል ብዬ አሰላሁ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ግንዱ ሥር ቆሜ ደረደርኩለት። ሁለት ጣቴ ቆስሏል። አስር አለቃው ወንበር አመጣልኝ፤ አልተቀመጥኩም።

አሁን ሌላ አልጠይቅህም፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ደረሰ? እማ ምን አለች? ደረሰ? በእውነት ደረሰ ወይስ እኔን ለማጽናናት ትጽፋለህ? ደረሰ?

ላማራ


ማርች 3 ቀን 2009

እትዬ፣

ደርሷል።

እኔን ስለማታምኚ የሆነውን ልንገርሽ። ከጠዋት ጀምሮ ቆመናል። የቾንጉሪሽ ድምፅ እኛ ጋ አይሰማም፣ ነፋሱ ወደናንተ ነበር። አንድ ሰዓት አለፈ። እኔ ተስፋ ልቆርጥ ስል እማ ከድንጋዩ ላይ ብድግ ብላ «ይኸው፣ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ» አለች። እኔ ምንም አላየሁም። የሷን ፊት ግን አይቻለሁ። ካቆምሽበት ተቀብዬሽ፣ ቾንጉሪዬን አንስቼ እየደረደርኩ እስከ ደጃችን መራነው። ያን ዕለት እማ አልጋዋ ላይ ተኛች፤ እስከ ረፋድ አልተነሳችም።

አሁን ይቅር በይኝ እላለሁ። ስላስቆየሁሽ።

በሦስተኛው ቀን ዳውር እየተሳቀቀ መጣ። መዝገቡ ላይ «ገብቷል» ተብሎ ስለተጻፈ አባባ ያረፈበትን አድራሻ ማስመዝገብ አለበት፣ አለዚያ ይቀጣል። ዳውር ራሱ ሞላለት፦ «ከቤቱ ጀርባ፣ መንደሪኑ ሥር»። ኬላውን ደግሞ ከሞስኮ የሚመጡ ድንበር ጠባቂዎች ሊረከቡት ነው ይባላል፤ ጢማሙ አስር አለቃሽም ወደ አገሩ ይሄዳል። ያኔ ሕጉ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። አንዳንዱ ይጠብቃል፣ አንዳንዱ ይላላል ይላል። እኔ ማመን አቁሜያለሁ፤ ሁለቱንም።

ይሄን ሁሉ የምቀባጥረው የማልፈልገው ነገር ላይ ላለመድረስ ነው።

እማ በማግስቱ «ያመጣው ማነው?» አለችኝ። ላማራ ናት አልኳት። «የታለች?» ድልድዩ ጋ ቀረች፣ ወረቀት የላትም አልኳት። ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወደ መቃብሩ ሄደች። ከኩሽና ሆኜ ስትቆጣው ሰማኋት። «አንተ ቢቺኮ፣ ወረቀት ስታገኝ ልጅህን ኬላ ላይ ጥለህ ገባህ? ዞር ብለህ እንኳ አላየሃትም?» ስትለው ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው። ከዚያ ትናንት ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣

«እኔ መውጣት እችላለሁ?» አለችኝ።

«ለሕክምና ከተባለ ሽማግሌዎችን ያስወጣሉ።»

«መመለስስ?»

«አዲሱን ፓስፖርት ካላወጣሽ አይቻልም እማ። አንቺ ደግሞ አልፈርምም ብለሻል።»

«አባትህስ እንዴት ተመለሰ?»

«እማ፣ አባባ ሞቷል።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ» አለችኝና ገንፎዋን መብላት ቀጠለች።

እትዬ፣ ለመንኳት። ተቆጣኋት። እንደ ልጅ አለቀስኩባት። «አንተ ቤት አለህ፣ አባትህም አሁን አጠገብህ ነው። እሷ ግን አሥራ አምስት ዓመት ብቻዋን ናት» አለችኝ። ዳውር የመውጫ ወረቀቷን ዛሬ አምጥቷል፤ ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየም።

ሐሙስ ጠዋት ድልድዩ ጫፍ ጠብቂያት። ጋሪው ያንገጫግጫታል፣ ደግፈሽ አውርጃት። ቁርሷን በጊዜ ትበላለች፣ ጨው ቀንሺላት። የያዘችው አንዲት ትንሽ ጥቅል ነው። የበረዶ ወራት ልብስ አልያዘችም፤ አያስፈልገኝም አለች። አንቺ ግን ካፖርት ግዢላት።

ሙርታዝ